ይቺን ግስ ልጨርስና

በሥራ ቦታው ካርዱ ይሉታል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው ቢባል ብዙ አያሳስትም። ካርዱ ያስባለው ከደረት ኪሱ ባዶ ካርድ ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የእንግሊዝኛን ቃል በእኛ ቋንቋ ሲፈታ የኖረ ሰው ነው። ወንበሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ እሱ አልተቀየረም።

የመዝገበ ቃላቱ መሥሪያ ቤት ከአንድ ጎማ ጠጋኝ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች የንፋስ መሙያው ሞተር ሲነሳ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ሻይም ክብ ክብ ይሠራል። አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የያዘው አረንጓዴ የብረት ሣጥን ነው፤ ሦስት መቶ መሳቢያ አለው። ከሣጥኑ በላይ የመሥራቹ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። እሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያወጡት ሕግ ግን አልሞተም።

ሕጉ ቀላል ነው፤ ምሳሌ አይፈጠርም። ቃል የሚፈታ ሰው ዓረፍተ ነገር ከራሱ አያመነጭም። ወይ ከሰው አፍ ይሰማል፣ ወይ ከወረቀት ያገኛል። የተባለው ነገር ከካርዱ ፊት ቃል በቃል ይጻፋል፤ ከጀርባው ማን እንዳለው፣ የትና መቼ እንዳለው ይመዘገባል። የጸሐፊው የራሱ ንግግር አይቆጠርም። ለምሳሌ ያህል ብሎ ራሱ ተናግሮ ራሱ የሚጽፍ ሰው እንዳይኖር ነው።

ካርዱ ይህን ሕግ እንደ ጸሎት ያዘው። ፀጉር ቤት ሲገባ አስተካካዩ ወሬ ያቆማል፤ የተናገረው ሁሉ ተጽፎ መሳቢያ እንደሚገባ ያውቃልና። አንድ ጊዜ ሁለት ሾፌሮች መንገድ መሐል ተጣልተው ስድብ ሲለዋወጡ፣ ካርዱ መሐላቸው ገብቶ አንደኛውን «ይቅርታ፣ የመጨረሻዋን ቀስ ብለህ ድገምልኝ» አለው። ሁለቱም ጠባቸውን ትተው እሱን አሯሯጡት። ይህን ታሪክ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስንት ዓመት ተሳቀበት። እሱ ግን የሚቆጨው የጀመረውን ካርድ ሳይጨርስ መሮጡ ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሰበሰበው ከሚስቱ አፍ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ነው፤ እግሯ ፔዳሉን ሲረግጥ አፏም አብሮ ይሠራ ነበር፤ አንዱ ሲቆም ሌላውም ይቆማል። ስለ ደንበኞቿ፣ ስለ ክር መወደድ፣ ላይኛው ፎቅ ስላለችው ሴትዮ ታወራለች፤ እሱ ሶፋው ላይ ሆኖ ይጽፋል። ጎረቤቶቿ ይቀኑባት ነበር። «የኛዎቹ ግድግዳ ናቸው፤ ያንቺው ከአፍሽ የወጣ አንድ ቃል መሬት አይጥልም» ይሏታል። እሷ ፈገግ ትልና ክር መርፌው ውስጥ ታስገባለች።

የሸሚዞቹን ሁሉ ኪስ የሰፋችው እሷ ናት። ባዶ ካርድ ጨርቁ ላይ አስተኝታ በጠመኔ ዙሪያውን ትስላለች፤ ሳይታጠፍ እንዲገባ አንድ ጣት ትጨምርለታለች። እሱ በበኩሉ ከእሷ የሰማውን ሲመዘግብ ስሟን አይጽፍም። ከካርዱ ጀርባ «ባለቤት፣ ቤት» ብሎ ቀኑን ያስቀምጣል። በሣጥኑ ውስጥ «ባለቤት፣ ቤት» የሚል ካርድ ከአራት ሺህ በላይ ሳይሆን አይቀርም።

ልጃቸው አንድ ናት። ካገባች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ የምትኖረው በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ የወደብ ከተማ ነው። ባሏ የጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ስለሆነ የዓመቱን እኩሌታ ውኃ ላይ ነው የሚያሳልፈው። እናትየዋ በመጀመሪያው ዓመት ብቻዋን ሄዳ ጠየቀቻት። ስትመለስ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ሰውየውስ የት አለ እያሉ አሳፈሩኝ። ሁለተኛ ብቻዬን እንደ ፖስታ ተልኬ አልሄድም» አለች። ካርዱ «እንደ ፖስታ ተልኬ» የምትለዋን ወደዳት። ጻፋት።

ከዚያ ወዲህ የመንገድ ነገር ከዚያ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። እሱ እንቢ አላለም፤ እንቢ ቢልማ በስንት ጣሙ። «ይህ ፊደል ይለቅና እንሄዳለን» ነበር የሚለው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ዘመን የሚቆጠረው በፊደል ነው። ፒ ይለቅና አለ፤ ፒ አለቀ። አር ይለቅና አለ፤ አርም አለቀ። ከዚያ ኤስ መጣ። ኤስ ጨካኝ ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ የእሱን ያህል ቃል የተሸከመ ፊደል የለም። ሦስት ዓመት ተኩል ፈጀባቸው። ሚስቱ ኤስ ሳያልቅ ሞተች።

ይኸው ስምንት ወር ሆነ። በቀብሩ ላይ አላለቀሰም። ጠንካራ ሰው ነው ተባለ፤ የሰው ነገር፣ እንባ ካላየ ጥንካሬ አየሁ ይላል። እውነቱን ለመናገር ጥንካሬ አልነበረም፤ ምንም ነገር አልነበረም። ልጁ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ እጁን ጀርባዋ ላይ አድርጎ ቆመ፤ እጁ የእሱ አልመስል አለው። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። ዳቦውን ቆሞ ይበላል። ሬዲዮ ይከፍታል፤ ምን እንደሚል አይሰማም። ከስፌት መኪናው መርፌ ሥር ግማሽ የተሰፋ መጋረጃ እንዳለ አለ፤ አላነሳውም። ማንሳቱ ከብዶት አይደለም፤ ማንሳትና መተው አንድ ሆኖበት ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ካርድ አልጻፈም። ኪሱ ውስጥ ያለው ባዶ ካርድ ያው የስምንት ወሩ ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል።

ቲ ሲመጣ፣ የአንድ ሳምንት ድርሻው «ትራቭል» የሚለው ግስ ሆነ። ሰኞ ጠዋት መነሻውን ጻፈ። የቃሉ ቅድመ አያት፣ ሊቃውንቱ እንደሚሉት፣ የላቲኑ «ትሬፓሊየም» ነው፤ ሰው የሚታሰርበትና የሚሠቃይበት ባለ ሦስት ችካል መሣሪያ። ፈረንሳዮች ያንን ወስደው መልፋት፣ መድከም፣ መሥራት አደረጉት። እንግሊዞች ከፈረንሳዮች ተቀብለው መጀመሪያ እንደዚያው ለልፋት ተጠቀሙበት፤ በዚያ ዘመን ከመንገድ የባሰ ልፋት አልነበረምና፣ ቃሉ ቀስ በቀስ መንገድ መሄድ ማለት ሆኖ ቀረ። «ትራቬይል» የሚባል እህት አለው። እህትየዋ እዚያው ልፋቱ ላይ ቀርታለች፤ ከትርጉሞቿ አንዱ የሴት ምጥ ነው። ካርዱ ይህን ሁሉ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቱ አንድ ገጽ አድርጎ ነጥቡን አኖረ።

ከዚያ ወደ ትርጉሙ ገባ። ብርሃን ይጓዛል፤ ይሁን፣ ያስኬዳል። በእንግሊዝኛ ወሬም ይጓዛል፤ እኛ ዘንድ ግን ወሬ ይነዛል፣ ይዛመታል እንጂ ጓዙን ጠቅልሎ አይነሳም። እነሱ ዓይን ክፍሉን ዞሮ አየ ለማለትም «ትራቭል» ይላሉ። ሲጫን ሲወርድ የማይበላሽ ወይን ጠጅ ካለ፣ እሱም መንገድ የሚችል ነው። ችግሩ ሰው ላይ ሲደርስ ነው። «ተጓዘ» የመጽሐፍ ቃል ነው። ማን ነው በአፉ «ነገ እጓዛለሁ» የሚል? ሰው «ነገ መንገድ አለብኝ» ነው የሚለው፤ «መንገድ ልወጣ ነው»፣ «መሄዴ ነው» ነው የሚለው። ስለዚህ ግሱ የሚፈታው በካርዶቹ ነው፤ ሰዎች መንገድ ሊወጡ ሲሉ ምን እንዳሉ ታይቶ። ካርዶቹን ከሣጥኑ የምታወጣለት እትዬ መትረየስ ናት። በድሮው የጽሕፈት መኪና ዘመን ከጣቶቿ ፍጥነት የተነሳ የወጣላት ስም ነው፤ ኮምፒውተር ገብቶ ድምፁ ሲጠፋ ስሙ ሳይጠፋ ቀረ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጁ ደወለች።

«አባዬ፣ ሐኪሟ ለሐሙስ ጠዋት ቀጥራኛለች። በኦፕራሲዮን ነው የምወልደው።»

«ለምን?»

«የእንግዴ ልጁ ከታች ነው የተቀመጠው አሉ። ምጥ እስኪመጣ አይጠብቁም። ደም ሊበዛ ይችላል፣ የቤተሰብ ሰው አጠገብሽ ይኑር ብላኛለች።»

«ባልሽስ?»

«መርከቡ ገና ሃያ ቀን ይቀረዋል። ጎረቤቴ አለች፤ ደግ ሴት ናት፣ አትለየኝም። ግን እኔ...» አለች። «እኔ አንተን ነው የምፈልገው። ፈርቻለሁ።»

ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አየ። የሦስት ችካሉ ገጽ ገና ቀለሙ አልደረቀም።

«ይቺን ግስ ልጨርስና» አለ።

ከታች የንፋስ መሙያው ሞተር ተነሳ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ቆመ።

«እሺ አባዬ» አለች ልጁ። አልተቆጣችም፣ አልለመነችውም። ስልኩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

እሱም ስልኩን አስቀመጠ። ምንም አልተሰማውም። ምንም እንዳልተሰማው ግን ታወቀው፤ አዲስ ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ኃላፊው መጣ። በዕድሜ የካርዱ ታናሽ ነው፤ በር ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም፣ በወጣትነቱ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የነበረ ሰው ነው። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀመጠና፣

«ጋሼ፣ የቅርጫት ኳሱን ትርጉም አስገቡልኝ?» አለው።

«የቱን?»

«ተጫዋቹ ኳሱን ሳያነጥር ከተራመደ ‹ትራቭል አደረገ› ይባላል። ሜዳ ላይ ሁልጊዜ የሚባል ነገር ነው።»

«ካርድ የለውም።»

«እኔ ራሴ በአንድ ጨዋታ ስድስት ጊዜ ተብያለሁ እኮ።»

«እንዲህ ያለህን ሰው አምጣልኝ፤ እጽፈዋለሁ። አንተ ግን የቤቱ ሰው ነህ፤ አትቆጠርም።»

ኃላፊው ሳቀ። ካርዱ አልሳቀም፤ ድሮ ቢሆን እሱም ይስቅ ነበር። ኃላፊው ሲነሳ፣ «ቅጹ ዓርብ ማተሚያ ቤት ይገባል። ሐሙስ ተቀምጠን አብረን እንዝጋው። ይህን ግስ ከእርስዎ በቀር የሚዘጋው የለም» አለ። ካርዱ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ልጁ አልተናገረም። ሊደብቅ ፈልጎ አይደለም፤ አፉ አልተከፈተለትም እንጂ።

ከምሳ በኋላ እትዬ መትረየስ ካርዶቹን ይዛ መጣች። በላስቲክ የታሰሩ ሁለት እሽጎች ናቸው፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ወፍራሙን ከፊቱ አኖረች። ቀጭኑን በእጇ ያዘች።

«እዚያ ውስጥ አርባ አራት አሉ። እነዚህን ለብቻ አድርጌያቸዋለሁ» አለችው።

«እነዚያስ ስንት ናቸው?»

«አሥራ ሰባት። ለሕትመት አይሆኑም።»

«ምን ጎደላቸው?»

«ምንም አልጎደላቸውም። አንብባቸው። ግን እንደ ሥራ አታንብባቸው» አለችና ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች።

ካርዶች በሣጥኑ ውስጥ የሚቀመጡት በእኛ ቋንቋ ቃል ነው። ስለ ጫማ የተባለው ጫማ መሳቢያ፣ ስለ መስኮት የተባለው መስኮት መሳቢያ ይገባል። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተራው ሲደርስ ነው ከየቦታው ተለቅመው አንድ ላይ የሚመጡት። እነዚህ አሥራ ሰባቱ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ተጽፈው፣ በአሥራ ሰባት መሳቢያ ተበትነው የኖሩ ናቸው። እትዬ መትረየስ በቀን ቅደም ተከተል ደርድራቸዋለች። ካርዱ ላስቲኩን ፈታ።

«ሁለተኛ ብቻዬን እንደ ፖስታ ተልኬ አልሄድም።»

«ልጅቷ ሳሎኔን ቀለም ቀባሁ አለች። ሄደን አንየውም?»

«ለመንገድ የሚሆን ዝቅ ያለ ጫማ ገዛሁ።»

«አውቶቡስ ላይ መስኮቱ አጠገብ አንተ ትቀመጣለህ፤ እኔማ ገና ከመነሳቱ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

«የመንገድ ሸሚዝ ሰፋሁልህ፤ መሳቢያው ውስጥ ነው።»

እያንዳንዱን ሲያነብ ወደ ጀርባው ገለበጠው። ባለቤት፣ ቤት። ባለቤት፣ ቤት። ዘጠነኛው ካርድ ላይ እጁ ቆመ።

«አንድ ቀን አብረን መንገድ ብንወጣ ምን ይለናል?»

ይህን ቀን አስታወሰው። ፔዳሉ ቆመ። ሚስቱ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች፤ ክር በጥርሷ ይዛ ነበር፤ ክሩን ከአፏ አውጥታ ነው የተናገረችው። ተናግራ ስታበቃ እያየችው ጠበቀች። እሱ ደስ አለው። «ምን ይለናል» የምትለዋን አባባል ካርድ ላይ ለማግኘት ስንት ጊዜ ሲመኝ ኖሯል። እስክሪብቶውን አነሳና፣ «ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት። ቀስ ብላ፣ ቃሉን አንድ በአንድ። ጽፎ ሲጨርስ «በጣም ጥሩ» አላት። ሚስቱ ትንሽ አየችው። ከዚያ ወንበሯን መለሰች፤ ፔዳሉም ቀጠለ።

ካርዱ የቀሩትንም አነበበ። አላውቃቸውም ማለት አይችልም፤ ራሱ የጻፋቸው ናቸው፤ እጅ ጽሕፈቱ ራሱ ያምራል። አሥራ ሰባተኛው ላይ የሰፈረው ምንጭ ብቻ ይለያል። «ባለቤት፣ አልጋ ላይ» ይላል፤ ቀኑ ከመሞቷ ሦስት ሳምንት በፊት ነው።

«እኔስ ከእንግዲህ መንገድ አልችልም። አንተ ሂድላት።»

አሥራ ሰባት ጊዜ ተለምኗል። አሥራ ሰባት ጊዜ ጽፏል። የመጨረሻዋን የጻፋት ጉልበቱን ጠረጴዛ አድርጎ፣ ከራስጌዋ ተቀምጦ ነው። ሞት አፋፍ ላይ ያለች ሚስቱ «ሂድላት» ስትለው የእሱ ልብ የሄደው «መንገድ አልችልም» ወደምትለው አባባል ነበር። አሁን ይፈር፣ ይዘን አላወቀም። ተነስቶ ወደ እትዬ መትረየስ ጠረጴዛ ሄደ።

«ካርዶቹን መሳቢያ ስታስገቢ ታነቢያቸው ነበር?»

«አነብባለሁ እንጂ። ሥራዬ እኮ ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽኝ?»

እትዬ መትረየስ መነጽሯን አወለቀች።

«የመለስክላት መስሎኝ ነዋ። ካርድ ላይ የሰው ቃል እንጂ ያንተ መልስ አይጻፍም፤ የራስ ንግግር አይቆጠርም። መልሱ ቤት የሚቀር ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አንድ ላይ ሳያቸው ነው የገባኝ። ትናንት ልጅህ ስትደውል እዚሁ ነበርኩ። ‹ይቺን ግስ ልጨርስና› ስትላት ሰምቼሃለሁ።»

ካርዱ ሌላ አልጠየቃትም። የኃላፊውን በር አንኳኳ።

«ሐሙስ አልኖርም» አለ።

«እንዴት፣ ግሱስ?»

«ሳይዘጋ ይቆይ።»

«ጋሼ፣ በሃያ ስድስት ዓመት ከሐዘንዎ ቀናት በቀር ቀርተው አያውቁም። ለዚህ ቅጽ ሲባል እንኳ...»

«ልጄ ሐሙስ በኦፕራሲዮን ልትወልድ ነው» አለ ካርዱ። የቀረውን ከየት እንዳመጣው አያውቅም፤ «እናቷ የለችም» አለ። ይህን ቃል በአፉ ሲለው የመጀመሪያው ነው።

ኃላፊው ተነስቶ በሩን ከፈተለት። እትዬ መትረየስ «የቀረውን እኔ እይዘዋለሁ፤ የቅርጫት ኳሱንም አስገባለታለሁ፣ ይለፍለት» አለች። ካርድ ከመሥሪያ ቤት አይወጣም የሚል ሌላ ሕግ አለ። ካርዱ አሥራ ሰባቱን ቦርሳው ውስጥ ሲከት እትዬ መትረየስ በመስኮቱ ወደ ጎማ ጠጋኙ ማየት ጀመረች።

ሸሚዙ እንዳለችው መሳቢያው ውስጥ ነበር፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሰባት ዓመት ተቀምጧል። መልኩ ፈዛዛ ሰማያዊ ነው። እጥፋቱ የነበረበት ቦታ መስመር ሠርቷል። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ለበሰውና ወጣ። ትንሽ ሰፋው፤ ስትሰፋው ሥጋ ነበረው።

አውቶቡሱ ላይ የደረሰው መስኮት አጠገብ ነው። ከጎኑ አንዲት የማያውቃት ወፍራም ሴትዮ ተቀመጠች። ገና ከተማውን ሳይለቁ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ጭንቅላቷ ቀስ እያለ መጥቶ ትከሻው ላይ አረፈ። አላነቃትም። ክንዱ እስኪደነዝዝ እንደዚያው ሆኖ ሄደ። በመስኮቱ ሜዳ አየ፣ የተቆለለ ጡብ አየ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ አየ፣ እንደገና ሜዳ አየ። መንገድ እንዲህ ነው እንግዲህ፣ አለ በልቡ። ሥቃይ የሚባል ነገር አላገኘበትም። መቀመጥ ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

ማታ ሲደርስ ልጁ ሆስፒታል ገብታለች፤ የጥየቃ ሰዓት አልፏል። ጎረቤቷ በሩን ከፍታ አስገባችው። የሳሎኑ ግድግዳ ቀለም ቢጫ ነው። የተቀባ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ሶፋው የሚነካው ቦታ ላይ ለቋል።

ሐሙስ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ሆስፒታሉ በር ላይ ነበር። ልጁን ያገኛት ባለ አራት አልጋ ክፍል ውስጥ፣ አረንጓዴ የኦፕራሲዮን ልብስ ለብሳ፣ ፀጉሯ በፕላስቲክ ቆብ ተሸፍኖ ነው። እጇ ላይ መርፌ ተሰክቷል።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»

«ግሱን ጨረስከው?»

«አልጨረስኩትም።»

ልጁ እጁን ያዘች። እጇ ሞቃት ነው። እሱ መናገር የለመደ ሰው አይደለም፤ መስማትም አልለመደም ለካ። ቦርሳውን ከፍቶ ካርዶቹን አወጣና ሰጣት።

«የእናትሽ ናቸው» አለ።

ልጁ ደረቷ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ አነበበቻቸው። በፖስታው ላይ ሳቀች። በሳሎኑ ቀለም ላይ ፈገግታዋ ጠፋ። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ብዙ ቆየች። ያንን ካርድ ገለበጠችው፤ ጀርባው ላይ የሆነ ነገር የምትፈልግ ትመስላለች። እንደገና ወደ ፊቱ መለሰችው።

«እና ምን አልካት?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም አላልኳትም። ጻፍኩት።»

ልጁ ቀና ብላ አየችው። ትወቅሰዋለች ብሎ ጠበቀ፤ ቢወቀስ ደስ ይለው ነበር። አልወቀሰችውም። የቀሩትን ካርዶች አነበበች፤ አሥራ ሰባተኛውን አንብባ ከሁሉ በላይ አደረገችው። ዓይኗ ሞላ።

ነርሷ መጣች። የአልጋውን ጎማ ማገጃ በእግሯ ከፈተች። «በቃ እንሂድ የኔ እመቤት፣ ሐኪሟ ዝግጁ ናት» አለች። ልጁ ካርዶቹን ለአባቷ መለሰችለት። አልጋው መንቀሳቀስ ሲጀምር አንገቷን አዞረች።

«አባዬ፣ ስወጣ እዚህ አገኝሃለሁ?»

የካርዱ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ደረቱ ሄደ። ጨርቁ ልሙጥ ነው። በግራ ዳሰሰ፣ በቀኝ ዳሰሰ፤ ኪስ የለም። ከትናንት ጎህ ጀምሮ ለብሶት ውሎ አላስተዋለም ነበር። ሚስቱ ኪስ የምትረሳ ሴት አልነበረችም። በሃያ ስድስት ዓመት ኪስ ሳታደርግ የሰፋችለት ሸሚዝ ይህ ብቻ ነው።

አልጋው በሩ ጋ ደርሷል። ልጁ አሁንም አንገቷን አዙራ ታየዋለች፤ እየጠበቀች ነው።

«ታገኚኛለሽ» አለ። ድምፁ ስላነሰበት ደገመው። «ታገኚኛለሽ ልጄ። እዚሁ ነኝ።»

በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ካርዱ ወንበር ስቦ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጠ። የደነዘዘ እግር ደም ሲመለስበት እንደሚወጋው፣ ኪስ በሌለበት በኩል ደረቱን ወጋው። አመመው። እጁን እዚያው ላይ አድርጎ ጠበቀ።